የሄሊኮፕተር ሞዴል ቀለም እንዴት ይመሳሰላል? ከአዳማ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የውትድርና ሄሊኮፕተር ሞዴል መገጣጠም አዳማ ውስጥ ብዙ ሰው የያዘው ነገር አይደለም። ቤቴ መጥቶ መደርደሪያዬን ያየ ሰው መጀመሪያ «ይሄ መጫወቻ ነው?» ይላል፣ ቀጥሎ ዋጋውን ይጠይቃል፤ ሥራውን ልሞክር ያለ ደግሞ ዞሮ ዞሮ የሚጠይቀኝ ስለ ቀለም ነው። መቁረጡንና ማጣበቁን ማንም በሁለት ሳምንት ይለምደዋል። አረንጓዴዋን ማግኘት ግን እኔን ዓመታት ፈጅቶብኛል። ደጋግሜ የመለስኳቸውን እዚህ ሰብስቤአለሁ።

ኪቱ (የሚገጣጠመው ሞዴል ሳጥን) ውስጥ ያለው ወረቀት የቀለሙን ቁጥር ይነግረኛል። ያንን ገዝቼ ብቀባ አይበቃም?

ለመነሻ ይበቃል። ብዙ ጊዜ ግን ወረቀቱ ላይ ያለው የአንድ ቀለም ፋብሪካ ቁጥር እንጂ የሄሊኮፕተሩ አይደለም። ታሚያና ሃምብሮል የሞዴል ቀለም ፋብሪካዎች ናቸው፤ የታሚያ ኤክስ ኤፍ 62 እና የሃምብሮል 155 ሁለቱም ኦሊቭ ድራብ፣ ማለትም ቡናማ የተቀላቀለበት የወታደር አረንጓዴ፣ ይባላሉ። አንድ ነጭ ፕላስቲክ ላይ ጎን ለጎን ቀብቼ ሳያቸው የአክስት ልጆች እንጂ መንታ አልነበሩም፤ አንዱ ወደ አረንጓዴ፣ ሌላው ወደ ቡናማ ያደላል። ቁጥሩን እንደ እኛ ሰፈር አድራሻ ውሰዱት። ሰፈሩ ድረስ ያደርሳችኋል፣ ቤቱን ግን ጠይቃችሁ ነው የምታገኙት።

ኤፍ ኤስ 34087 የሚል አምስት አሃዝ አየሁ። ምንድን ነው?

ኤፍ ኤስ የአሜሪካ መንግሥት ፌደራል ስታንዳርድ 595 የተባለው የቀለም ዝርዝር ነው። በ1956 እ.ኤ.አ. ወጣ፤ በ2017 እ.ኤ.አ. ኤ ኤም ኤስ ስታንዳርድ 595 በሚባል ተተካ። ሞዴል ሠሪው ግን ዛሬም ኤፍ ኤስ ነው የሚለው።

አሃዞቹ እንዲሁ የተደረደሩ አይደሉም። የመጀመሪያው የሚናገረው ስለ ማብረቅረቅ ነው፦ 1 የሚያብረቀርቅ፣ 2 ለስለስ ያለ ወዝ ያለው፣ 3 ጭራሽ የማያብረቀርቅ፣ እኛ ማት የምንለው። ሁለተኛው የቀለሙ ወገን ነው፦ 0 ቡናማ፣ 1 ቀይ፣ 2 ብርቱካናማ፣ 3 ቢጫ፣ 4 አረንጓዴ፣ 5 ሰማያዊ፣ 6 ግራጫ። የቀሩት ሦስቱ በጥቅሉ ከጥቁረት ወደ ንጣት ይሄዳሉ፤ ትንሽ ከሆኑ ጠቆር ያለ ነው።

እንግዲህ 34031ን አንብቡት። ማት ነው፣ አረንጓዴ ነው፣ በጣም ጠቆር ያለ ነው። የአሜሪካ ጦር አፓቼና ብላክ ሆክ የሚቀቡት ይኸው ነው። በቬትናም ጦርነት ጊዜ የነበረው ሂዩይ የተባለው የአሜሪካ ሄሊኮፕተር ደግሞ ኦሊቭ ድራብ ነው፤ 34087 ወይም 24087 ተብሎ ታገኙታላችሁ። በዝርዝሩ አሠራር ሁለቱን የሚለየው ወዙ ነው።

አንድ ወጥመድ አለ። 34087 እና 34092 በቁጥር ጎረቤት ስለሆኑ አንዱን በአንዱ ልተካ የሚል ሰው አጋጥሞኛል። የመጨረሻዎቹ አሃዞች የሚያወዳድሩት ብርሃንን እንጂ መልክን አይደለም። የመጀመሪያው የወይራ ዓይነት ነው፣ ሁለተኛው ወደ ሰማያዊ የሚሄድ ጥቁር አረንጓዴ ነው። ጎን ለጎን ብታስቀምጧቸው አይተዋወቁም።

ራል የሚለውስ?

የጀርመኖች የቀለም ዝርዝር ነው። በ1927 እ.ኤ.አ. በ40 ቀለም ጀመረ፤ ዋናው ዝርዝር ባለ አራት አሃዝ ነው። የጀርመን ጦር ሄሊኮፕተር ከሠራችሁ ሦስቱን ያዙ፦ 6031 አረንጓዴ፣ 8027 ቡናማ፣ 9021 ጥቁር። ቦ 105 በዚህ ዝንጉርጉር መልክ ያምራል።

ኦሊቭ ድራብን በአማርኛ ለቀለም ሻጭ እንዴት ላስረዳው?

«የወታደር አረንጓዴ» ካላችሁት ሻጩ አእምሮ ውስጥ ያለውን የወታደር ልብስ ነው የሚሰጣችሁ። እኔ የደረቀ ጌሾ ቅጠል ይዤ እሄዳለሁ። ቀልድ አይደለም። ከገበያ የመጣ፣ ገና ያልተወቀጠ ጌሾ ኦሊቭ ድራብን እስኪገርም ይመስላል። የወይራ ቅጠልም ይረዳል፤ የእኛ ወይራ ፊቱ ጥቁር አረንጓዴ፣ ጀርባው ወርቅማ ቡናማ ነው። ቀለሙ ያለው በፊቱና በጀርባው መካከል ነው። ከስም ይልቅ ዕቃ ማሳየት ይሻላል፤ እኛ ግራጫ፣ አመድማ፣ ዳለቻ ብለን የምንለያየውን ሌላው ሁሉንም «ግሬይ» ብሎ ያልፈዋል።

ሚ-24 ወይም ሚ-8 ልሠራ ነው። የኤፍ ኤስ ቁጥሩ ስንት ነው?

የለውም። የሶቪየት ፋብሪካ በአሜሪካ ዝርዝር አልቀባም። «ኤፍ ኤስ ይህን ያህል» ተብሎ የምታዩት ሁሉ አንድ ሰው በዓይኑ አቅርቦ የሰጠው ግምት ነው። መጥፎ አይደለም፣ ግን እንደ ሕግ አትያዙት። በጥቅሉ ላይኛው አካል አረንጓዴና አሸዋማ ወይም ግራጫማ ዝንጉርጉር፣ ሆዱ ፈዛዛ ሰማያዊ ግራጫ የሆነ ብዙ አለ።

ሰው የሚሳሳተው ውጪውን ሳይሆን ውስጡን ነው። ጥቁር ወይም ግራጫ ቀብቶ ይጨርሳል። የብዙዎቹ ሚ-24 የአብራሪ ክፍል ግን ሰማያዊና አረንጓዴ የተቀላቀለበት ፈካ ያለ መልክ ነው፤ የድሮ ክሊኒክ ግድግዳ የታችኛው ግማሽ የሚቀባውን አስታውሱ። የአብራሪውን ዓይን እንዳያደክም ነው ይባላል። እኔ የማገኘው ከነጭ፣ ከሰማያዊና ከአረንጓዴ ጠብታ በጣም ትንሽ ጥቁር ጨምሬ ነው። ጥቁሯ ካልገባች የልጆች ክፍል ይመስላል። በሂዩይ ግን ተቃራኒው ነው፤ ውስጡ ጠቆር ያለ ግራጫ ነው፣ 36231ን ፈልጉ።

የኢትዮጵያ አየር ኃይልን ሚ-24 ብሠራስ?

እኔም የምወደው እሱን ነው። ሚ-24 በ1969 እና 1970 ዓ.ም. በነበረው የኦጋዴን ጦርነት በእኛ በኩል ተሰልፏል፤ ለአውሮፕላኑም የመጀመሪያ ከሚባሉት ውጊያዎች አንዱ ነው። ከአዳማ ወደ አዲስ አበባ ስትሄዱ የምታልፏት ቢሾፍቱ ደግሞ የአየር ኃይሉ ቤት ናት።

ምክሬ አንድ ነው። «የኢትዮጵያ ሚ-24 ቀለም» ብላችሁ አትፈልጉ። የአንድ አውሮፕላን ፎቶ ምረጡ፣ የጎኑን ቁጥር ጻፉ፣ ፎቶው የተነሳበትን ጊዜ ያዙ፣ እሱን ብቻ ሥሩ። አንዱ ገና ሲመጣ የተነሳ ይሆናል፣ ሌላው አሥር ዓመት ፀሐይ ከመታው በኋላ። ሁለቱን ቀላቅሎ የሚሠራ ሰው በየትም ዘመን ያልነበረ አውሮፕላን ይሠራል።

ፎቶ ለማግኘት ብላችሁ የጦር ካምፕ አጥር አጠገብ ስልክ እንዳታወጡ። መዘዙ ብዙ ነው። ከታተሙ ፎቶዎች ሥሩ።

ማታ ልክ ያልኩት ቀለም ጠዋት ሌላ ሆኖ አገኘሁት። ምን ነካው?

ይህን እኔው ላይ ደርሶ ነው የተማርኩት። የመጀመሪያዬን ሂዩይ ቀለም ያመሳሰልኩት ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ፣ ቢጫ አምፖል ስር ነው። ሲኒ ሙሉ ቀለም ቀላቅዬ፣ ከፎቶው ጋር አስተያይቼ፣ ረክቼ ቀባሁ። ጠዋት በረንዳ ላይ ሳወጣው ሂዩዩ የተቆላ ቡና መስሎ ጠበቀኝ። እናቴ «ቀለሙ ተበላሸብህ?» አለችኝ። ቀለሙ አልተበላሸም፤ ብርሃኑ ነው የዋሸኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቢጫ አምፖል በሰማያዊ ብርሃን ደሃ ነው። አረንጓዴያችን ውስጥ ያለው ሰማያዊ ስለማይታይ እኛ እሱን ለማካካስ እንጨምራለን እንቀንሳለን። ከዚህ የባሰው ደግሞ ሁለት ቀለሞች በአንድ ብርሃን ሥር አንድ ሆነው፣ በሌላ ብርሃን መለያየታቸው ነው። የተሠሩበት ዱቄት የተለያየ ስለሆነ ነው። አንዱ አረንጓዴ ከቢጫና ከጥቁር ይመጣል፣ ሌላው ከራሱ አረንጓዴ ዱቄት። ማታ መንታ ናቸው፣ በቀን ይለያያሉ።

ስለዚህ ማመሳሰል በቀን ነው፣ ጥላ ሥር፣ ፀሐይ በቀጥታ ሳታርፍበት። ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት በረንዳዬ ላይ ያለው ብርሃን ይመቸኛል። አጠገባችሁ ቀይ ግድግዳ ወይም አረንጓዴ ላስቲክ ካለ ራቁ፤ መልኩን ይወረውራል። ማታ መሥራት ግድ ከሆነ ነጭ ብርሃን ያለው ኤልኢዲ አምፖል ይሻላል፤ ካርቶኑ ላይ 5000 ወይም 6500 ኬልቪን የሚል ፈልጉ።

አንድ የጋራዥ ቀለም ቀቢ ያስተማረኝ ነገርም አለ። ቀለም ላይ አፍጥጣችሁ በቆያችሁ ቁጥር ዓይን ይለምደዋል፣ ልዩነቱ ይጠፋባችኋል። እሱ ሁለት ሴኮንድ ያያል፣ ፊቱን ያዞራል፣ ነጭ ወረቀት ያያል፣ እንደገና ይመለሳል። የመጀመሪያውን አፍታ ነው የሚያምነው።

እውነተኛውን ቀለም አግኝቼ ብቀባ ሞዴሉ ለምን ጨለመብኝ?

የሚ-24 ትልቁ ማራገቢያ ከጫፍ ጫፍ 17.3 ሜትር ነው። በ1/72 ልኬት፣ ማለትም 72 ጊዜ ሲያንስ፣ 24 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ሞዴሉን ከግማሽ ሜትር ስታዩት እውነተኛውን ከ36 ሜትር ርቀት እንዳያችሁት ነው። በዚያ ርቀት መካከል ያለው አየር ቀለሙን ያነጣዋል፣ ያደበዝዘዋል። ትንሽ ነገር ላይ የተቀባ ጥቁር ቀለም ደግሞ በራሱ ይበልጥ ይጨልማል።

በሞዴል ሠሪዎች ዘንድ የተለመደው መላ ማፍካት ነው፦ ለ1/72 ወደ 15 በመቶ፣ ለ1/48 ወደ 10 በመቶ ነጭ መጨመር። እኔ በቁጥሩ አልጣላም፣ በነጩ ግን እጣላለሁ። ኦሊቭ ድራብ ውስጥ ነጭ ስትጨምሩ ኖራ የነካው ይመስላል፣ ወደ ሰማያዊም ይሸሻል። በነጭ ፋንታ አሸዋማ ወይም ቢጫ ያለበት ክሬም ጨምሩ። ግራጫ ላይ ከሆነ ነጩ ችግር የለውም። ጥቁር የሆነውን ነገር፣ ጎማና ማራገቢያ ክንፍ፣ በንጹሕ ጥቁር አትቀቡ፤ ጥቁር ግራጫ ይበቃል።

በእጄ ኦሊቭ ድራብ መቀላቀል እችላለሁ?

ትችላላችሁ፣ ደግሞም ከገዙት ይልቅ ደስ ይላል። ምስጢሩ አረንጓዴ አለመግዛት ነው። ቢጫና ጥቁር ሲቀላቀሉ አረንጓዴ ይወጣል፤ ላላየው ሰው ተአምር ይመስላል።

ትንሽ ሲኒ ወይም የመድኃኒት ክዳን አምጡ። መርፌው የወጣ ሲሪንጅ ይዛችሁ 10 ጠብታ ቢጫ አስቀምጡ። አንድ ጠብታ ጥቁር ጣሉና በስቴኪኒ አማስሉ። የበሰለ አቮካዶ ውስጡን ይመስላል። ሁለተኛ ጥቁር ሲገባ ይጠቁራል፣ ሦስተኛዋ ላይ ሰፈሩ ገብታችኋል። ከዚህ በኋላ ጠብታ አይደለም፣ የስቴኪኒ ጫፍ ነው የሚጨመረው። ሣር ከመሰለ ቀይ ቡናማ በስቴኪኒ ጫፍ፤ ሰናፍጭ ከመሰለ ሰማያዊ በስቴኪኒ ጫፍ። ቀይ አረንጓዴን ያበርደዋል፤ ብዙ ከሆነ ግን ጭቃ ነው፣ መመለሻም የለውም። ሁልጊዜ ጥቁሩን ወደ ቢጫው ጨምሩ እንጂ ቢጫውን ወደ ጥቁሩ አትጨምሩ፤ ጥቁር ጉልበተኛ ስለሆነ ለማሸነፍ ሲኒው ይሞላባችኋል።

የጠብታው ቁጥር ቢጫው በምን ፋብሪካ እንደተሠራ ይለያያል። ስለዚህ ደብተር ያዙ። እኔ በየገጹ ጠብታውን እጽፋለሁ፣ አጠገቡ ቀለሙን ራሱን ቀብቼ አደርቃለሁ። ከሁሉ ዕቃዬ ቢጠፋ የማዝነው ለዚያ ደብተር ነው።

እርጥቡና ደረቁ ለምን ይለያያል?

አክሬሊክ የሚባለው ቶሎ የሚደርቅ የሞዴል ቀለም ሲደርቅ አብዛኛውን ጊዜ ይጠቁራል። እርጥብ ላይ እያለ አትፍረዱ። ነጭ የፕላስቲክ ማንኪያ ጀርባ ላይ ቀቡ፣ እስኪደርቅ ጠብቁ፣ ከዚያ ከፎቶው ጋር አስተያዩ። ከሥር የተቀባውም ይወስናል፤ ማንኪያው ነጭ ሆኖ ሞዴሉ ጥቁር ፕላስቲክ ከሆነ ሁለት የተለያየ ነገር ነው የምታዩት። ሁለቱንም መጀመሪያ አንድ ግራጫ ቅብ ስጧቸው።

ቨርኒሹም ያው ነው። የሚያብረቀርቅ ቨርኒሽ ቀለሙን ያጠልቀዋል፣ ማት ደግሞ ያነጣዋል። ዲካል (የአውሮፕላኑን ምልክትና ቁጥር የያዘ ተለጣፊ) ለመለጠፍ ብላችሁ የሚያብረቀርቅ ስትቀቡ «ኧረ ጠቆረ» ብላችሁ አትደንግጡ፤ ማቱ ሲመጣ ይመለሳል። ማንኪያዋንም አብራችሁ ቨርኒሽ ቀቧት።

ከአዳማ ሱቅ በምገዛው ቀለም መሥራት ይቻላል?

በከፊል። የግድግዳ ውሃ ቀለም ለመልመጃ ደህና ነው፣ ዱቄቱ ግን ሻካራ ስለሆነ ትንንሹን መስመርና ሪቬት (የብረት ማያያዣ ነጥብ) ይደፍነዋል። ዘይት ቀለም ይወፍራል፣ ሲቀጥንም ለመድረቅ ቀን ይፈጃል። የመኪና ቀለም የሚቀላቅሉ ሰዎች ዓይናቸው የሠለጠነ ነው፤ ናሙና ብትሰጧቸው ከእኔ በተሻለ ያመጡታል። ችግሩ ቲነሩ ነው። የመኪና ቲነር የኪቱን ፕላስቲክ ይበላዋል። በብሩሽ አንዴ ከለቀለቃችሁት ፕላስቲኩ እንደ ማስቲካ ይለሰልሳል። በኤርብራሽ (ቀለም በአየር በሚነፋ መሣሪያ)፣ በስሱ፣ ቶሎ እየደረቀ ከሆነ ፕላስቲኩ ይተርፋል፤ ግን መጀመሪያ የኪቱ ክፍሎች ተያይዘው በሚመጡበት ፍሬም ላይ ሞክሩት። እሱ የሚጣል ስለሆነ ምንም አታጡም።

አንድ ነገር ደግሞ፦ የታሚያ አክሬሊክ ከፋርማሲ በሚገዛ አልኮል ይቀጥናል። ቫዬሆ የተባለው ሌላ ፋብሪካ ቀለም ግን አልኮል ሲነካው ይረጋል፣ እንደ ተበላሸ ወተት ይቋጠራል። ለእሱ ውሃ ወይም የራሱ ማቅጠኛ። ሁሉም «አክሬሊክ» ስለተባሉ አንድ አይደሉም።

ከውጭ ሰው ሊመጣልኝ ነው። ምን ላዘው?

ስፕሬይ አትዘዙ። የሚቀጣጠል ጋዝ ስለሆነ አውሮፕላን ላይ አይፈቀድም፤ ቲነርና የዘይት መሠረት ያለው ቀለምም እንዲሁ። ለእኔ ከውጭ የምታመጣልኝ አክስቴ ናት፤ ሻንጣዋ እየተከፈተ እንድትጉላላ አልፈልግም። በውሃ የሚሠራ አክሬሊክ ጠርሙስ ይሻላል፤ እሱንም ላስቲክ ውስጥ አስራ በሚጫነው ሻንጣ ታምጣ፣ ከመነሳቷ በፊትም አየር መንገዱን ትጠይቅ። ብዙ ዓይነት አታስመጡ፦ ቢጫ፣ ጥቁር፣ ነጭ፣ ሰማያዊ፣ ቀይ ቡናማ፣ አሸዋማ። ማት ቨርኒሽ አይረሳ። ቦታ ከተረፈ ለእያንዳንዱ ሁለት ጠርሙስ ይሁን እንጂ አዲስ ቀለም አትጨምሩ።

ስልኬ ላይ ካለው ፎቶ ቀለሙን ማንበብ አይቻልም?

ስልክ ነጩን በራሱ ፈቃድ ያስተካክላል፣ ማታ ማታ ደግሞ ስክሪኑ ቢጫ ይሆናል፤ ያንን አጥፉ፣ ብርሃኑን መካከል ላይ አድርጉ። ፎቶው ውስጥ ቀለሙን የምታውቁት ነገር ፈልጉ፦ ነጭ ሸሚዝ፣ ጥቁር ጎማ፣ አስፋልት። ሸሚዙ ቢጫ ከሆነ አረንጓዴውም ወደ ቢጫ ተጎትቷል ማለት ነው። የድሮ የታተሙ ፎቶዎች ብዙ ጊዜ ሲያረጁ ወደ ቀይ ይሄዳሉ። በቬትናም ዘመን ፎቶ ላይ ሂዩዩ ቸኮላት ከመሰላችሁ የሰዎቹን ፊትና ሰማዩን ተመልከቱ፤ ሁሉም ቀይ ከሆነ ጥፋቱ የፎቶው ነው። ወደ ሰማይ ቀና ብላችሁ ያያችሁትንም አትመኑ፤ ከበስተኋላው ብርሃን ስላለ ሆዱ ሁልጊዜ ጥቁር ነው።

የአዳማ ነፋስና አቧራስ?

እነዚያ ከከተማው ወጣ ብሎ የሚሽከረከሩት የነፋስ ተርባይኖች በከንቱ አልተተከሉም። በበጋ ከሰዓት በኋላ በረንዳ ላይ የቀባ ሰው ሄሊኮፕተሩን በብርጭቆ ወረቀት እንደለበጠው ይቁጠር። እኔ የምቀባው ጠዋት ከ12 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ነው፤ ወለሉን ውሃ እረጫለሁ፣ ቀለሙ እንዳረፈ ትልቅ የፕላስቲክ ሳፋ እደፋበታለሁ። ሙቀት ሲበዛ ደግሞ ከኤርብራሹ የወጣው ቀለም አየር ላይ ሳለ ይደርቅና ሻካራ ሆኖ ያርፋል፤ ትንሽ አቅጥኑት፣ ጠጋ ብላችሁ ንፉ። ቲነር ካለበት በር ይከፈት፣ ማስክ ይደረግ፣ ሕፃን አይቅረብ።

አቧራው ግን ለአንድ ነገር ይጠቅማል። የሞዴሉን ጎማና ሆድ ለማርጀት የሰፈሬን አፈር በነጠላ ጨርቅ ነፍቼ እጠቀማለሁ። ከተገዛ ቀለም ሁሉ በላይ እውነት ይመስላል።

ፀሐይ ያነጣውን ቀለም እንዴት ላሳይ?

ዋናውን ቀለም ካደረቃችሁ በኋላ ከዚያው ሲኒ ላይ አሸዋማ ጨምራችሁ አቅጥኑና ጀርባውን፣ የሞተሩን ሽፋንና የጅራቱን አናት ብቻ ስስ አድርጋችሁ ንፉ። ሆዱን አትንኩ፤ ፀሐይ እዚያ አትደርስም። አንዱን በር ወይም አንዱን ክዳን ሆን ብላችሁ ትንሽ ለየት ያለ አረንጓዴ ቀቡ። በእውነተኛው አውሮፕላን ላይ ክዳን ይቀየራል፣ በሌላ ቀን በተቀላቀለ ቀለም ይጠገናል። የጭስ ማውጫው አካባቢ ጥላሸት ጥቁር ሳይሆን ጥቁር ቡናማ ነው።

የተረፈውን ቀለም ልጣለው?

በፍጹም። የማራገቢያው ክንፍ ሳይሰበር የቀረበት ሞዴል አላየሁም፤ እንግዳ ይነካዋል፣ ድመት ታልፍበታለች። ባዶ የዓይን ጠብታ ጠርሙስ ውስጥ ክዳኑን አጥብቃችሁ፣ የደብተሩን ገጽ ቁጥር ላዩ ላይ ጽፋችሁ አስቀምጡ። ለመጠገን ስትመጡ ግን መጀመሪያ ማንኪያ ላይ ሞክሩት፤ መደርደሪያው ላይ ያለው ከቀባችሁት ቀን ወዲህ ትንሽ ነጥቷል።